የቱሊፕ ራስና አቮካዶ አንድ ፍሪጅ ውስጥ?

እህቴ፣ «የቱሊፕ አበባ ራስ (ሽንኩርት የሚመስለው፣ የሚተከለው ክፍሉ) እስኪተከል በላስቲክ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከፍራፍሬው ጋር አስቀምጡት» ያልሽው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። ፍሪጁስ ልክ ነው፤ ጅማ ቱሊፕ የሚፈልገው ብርድ የላትም፣ ስለዚህ ከ12 እስከ 16 ሳምንት በ2 እና በ9 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይቆይ። ጠንቁ ፍራፍሬው ነው። የሚበስል አቮካዶና ሙዝ (ከጅማ ቤት መቼ ይጠፋል!) ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቱሊፑ ራስ ውስጥ የተኛውን እምቡጥ ያጨናግፈዋል። ቅጠል ታያለሽ፣ አበባ ግን የለም። የተቋጠረ ላስቲክ ደግሞ እርጥበት አፍኖ ያሻግተዋል፤ የወረቀት ከረጢት ይሻላል። ፍሪዘር በጭራሽ። ከረጢቱ ላይም ስሙን ጻፊበት፤ ሽንኩርት መስሎ ወጥ ውስጥ ከገባ መርዛማ ነው።