«ስንገናኝ እንጫወታለን»

እናቴ ስልክ ላይ ፖለቲካ ከተነሳ ወዲያው ወሬ ትቀይራለች። «እሱን ተወው፣ ስንገናኝ እንጫወታለን» ትላለች። ስልክ ይጠለፋል ብሎ ያስተማራት የለም። በቃ ታውቃለች። ስለዚህ «የኛ ሰው ስለ ስለላ ግንዛቤ የለውም» ሲባል አይዋጥልኝም። ግንዛቤውማ አለ፣ ለዚያውም ከደርግ ጀምሮ። የጎደለው ሌላ ነው፦ መጠለፍን እንደ ዝናብ ነው የምናየው። ሲመጣ እንጠለላለን እንጂ ማን አዘዘው አንልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደብዳቤም ሆነ የስልክ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። መንግሥት ልግባበት ካለ አስገዳጅ ምክንያትና ዝርዝር ሕግ ያስፈልገዋል። ይህን አንቀጽ ጠቅሶ የሚከራከር ሰው ግን ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል? እኔ የሚገጥመኝ «ምን የምደብቀው አለኝ?» የሚለው ነው።

ለእሱ መልሴ የኪዳኔ ታሪክ ነው። ኪዳኔ እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ሲሆን ፍርድ ቤት የቀረበው በዚህ ስም ነው። ክሱ እንደሚለው በኢሜይል የደረሰውን አንድ ፋይል ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ የስካይፕ ጥሪዎቹን ቀዳ። ኮምፒውተሩ ደግሞ የቤተሰቡም ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሁሉ ሳይቀር አብሮ ተመዘገበ። ልጁ ምን የሚደብቀው ነበረው?

ኪዳኔ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። አልተሰለለም ብሎ አይደለም። ድርጊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን እዚያ አገር መክሰስ አይቻልም ብሎ ነው። እንግዲህ በሰው አገር ፍርድ ቤት ካልሆነ ያለን የአገራችን ሕግ ነው።

እሱም ቢሆን ባዶ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃህን የሚሰበስብ ሰው ለምን እንደሚፈልገው ሊነግርህ ይገባል። የጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንንና የፊታችንን ምስል ለፋይዳ መታወቂያ በሰጠንበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የማይጠየቅበት ሕግ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ እዩ፤ የስንት ሰው መታወቂያ ከኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ተቀምጧል።

ባለፈው ወር እናቴ ቤት ልታከራይ ነበር። የፋይዳ ካርዷን ፊትና ጀርባ በቴሌግራም ላከችልኝ።

«እማዬ፣ ይሄን ሌላ ለማን ላክሽው?»

«ለደላላው ነዋ።»

«ለምን ይፈልገዋል?»

«እኔ ምን አውቄ? ላኪ አለኝ፣ ላክሁ።»

ስቆጣባት ግራ ገባት። «ምን ሆነሃል ልጄ? ፖለቲካ አይደለም እኮ!»