ባዛ ሽማግሌ አልጠፋባትም

ሰሞኑን አንድ የዩቲዩብ አቅራቢ በስፔኖቹ ከተሞች በባዛና በጓዲክስ የሚከበረውን የካስካሞራስ በዓል ቪዲዮ ከፍቶ ሲስቅ ሲስቅ ቆየና በመጨረሻ ፈረደ፦ «ሁለት ጎረቤት ከተሞች በአንድ ሐውልት አምስት መቶ ዓመት የሚናከሱት ሽማግሌ ጠፍቶ ነው? ይሄ በዓል አይደለም፣ ጥላቻ ነው፤ መታገድ አለበት።» ሳቁን እለፈው። ቀለም የተለወሰ ሕዝብ ሲራወጥ ማየት ያስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። ያቺ የሽማግሌ ጥያቄ ግን አናደደችኝ።

ጉዳዩ እኮ ዳኛ ፊት ቆሞ ያለቀ ነው! በ1490 ግድም፣ ግራናዳ አውራጃ ውስጥ፣ አንድ የጓዲክስ ተወላጅ ሠራተኛ ባዛ ላይ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ሲቆፍር «እዘንልኝ» የሚል ድምፅ ሰማ፣ ከፍርስራሹም ሥር የእመቤታችን የተቀረጸ ምስል ወጣ ይባላል። ጓዲክሶች «ያገኛት የእኛ ልጅ ነው» አሉ፤ ባዛዎች «የተገኘችው በእኛ መሬት ነው»። ምስሏ ለባዛ ተፈረደች፤ ጓዲክስም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 መጥታ በዓሏን የማክበር መብት አገኘች። የጓዲክስ መልእክተኛ የቀለም ጠብታ ሳይነካው ባዛ ገብቶ ምስሏ ዘንድ ከደረሰ ደግሞ ይዟት ይሂድ ተባለ። ግማሹ ተረት ነው ካላችሁኝ አልሟገትም። የትኛው ሽማግሌ ነው ግን ከዚህ የተሻለ ዕርቅ የሚያወርድ?

ሰውዬውን እዩት። ሴፕቴምበር 6 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 1። (ከሁለት ቀን በኋላ የእኛ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቁ፣ እነዚህ ጥላሸት መስለው ይውላሉ።) ካስካሞራስ የሚባለው የጓዲክስ መልእክተኛ ዝንጉርጉር ልብሱን ለብሶ፣ ጫፉ ላይ ኳስ የተንጠለጠለበትን ዱላ ይዞ ባዛ ዳር ይቆማል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ራሱን አጥቁሮ ይጠብቀዋል። እንደማይሳካለት ያውቃል። ግን ይሮጣል። ምስሏ ያለችበት ላ መርሴድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ከዓይኑ በቀር ነጭ ነገር አይታይበትም። ከሦስት ቀን በኋላ ባዶ እጁን አገሩ ሲገባ ደግሞ የገዛ ወገኖቹ «ሳታመጣት መጣህ?» ብለው እንደገና ይቀቡታል።

እዚህ ላይ ነው አቅራቢያችን የታወረው። ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ የአንድ ወገን በሆነ ነበር። የሚጠላ ሰው የራሱን ልጅ አይቀባም። ደግሞስ ጠብ መቼ ነው ቀን ቆርጦ፣ መንገድ ለይቶ፣ ከበሮ አስመትቶ የሚመጣው? ቀለሙ አንዴ ከተረጨ በኋላ የባዛውን ከጓዲክሱ ለይተህ አሳየኝ፤ እናታቸውም አትለያቸውም። ሰሜን ስፔን ላይ ሃሮ የምትባል ከተማ በየዓመቱ ጁን 29 በወይን ጠጅ ስትራጭ የምትውለውም ከጎረቤቷ ከሚራንዳ ዴ ኤብሮ ጋር በነበረ የወሰን ክርክር ነው ይባላል። የድንበር ጭቅጭቅ ወይን ጠጅ ከሆነልህ ምን ሆነህ ታግደዋለህ?

ሌላው አስተያየት ሰጪ «ጥቁር የሚቀቡት በእኛ ለመሳለቅ ነው» ብሎ ጽፏል። ይሄኛው ቢያንስ ከእውነተኛ ቁስል የመጣ ነው። እዚያው ስፔን፣ በጃንዋሪው የሦስቱ ነገሥታት ሰልፍ ላይ፣ ፊቱን አጥቁሮ ከሦስቱ ጥቁሩን ንጉሥ ባልታዛርን የሚሆን ነጭ አለ፤ በእሱ ላይ ለሚነሳው ሙግት እኔም አብሬ እቆማለሁ። የካስካሞራስ ጥቁር ግን ማንንም አይመስልም፤ ሥራው ሰውዬው ንጹሕ ሆኖ እንዳይገባ ማድረግ ነው። እድፍ ነው፣ አለቀ።

ይታገድ ላሉት፣ የስፔን መንግሥት ይህን በዓል ዓለም አቀፍ የቱሪስት መስህብ ብሎ የመዘገበው በ2013 ነው፤ ከሶፋ ላይ የሚወጣ አዋጅ ባዛ ድረስ አይደርስም። አቅራቢያችን አሁንም ሽማግሌ ካልላክሁ ካሉ ይላኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ነጭ ጋቢያቸውን ቤት ትተው ይሂዱ።