የእንጉዳይ ፕሮቲን በኢንዛይም ሲዘጋጅ ቶሎ ማቆም ይሻላል

የእንጉዳይ ዱቄት «በፕሮቲን የበለጸገ» ተብሎ ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በምን ስሌት የሚለው ነው። በተለመደው ዘዴ የሚለካው ናይትሮጅን ነው፤ ያ በ6.25 ይባዛና ፕሮቲን ይባላል። የእንጉዳይ የሴል ግድግዳ ግን ካይቲን የሚባል ጠንካራ ቁስ አለበት፤ ካይቲን ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ባይሆንም ናይትሮጅን ይይዛል። ለዚህ ነው ለእንጉዳይ በ4.38 የሚባዛው። በ100 ግራም ደረቅ ዱቄት 5 ግራም ናይትሮጅን ቢገኝ በመጀመሪያው ስሌት 31 ግራም፣ በሁለተኛው 22 ግራም ፕሮቲን ይወጣል። ማሸጊያው ላይ መጻፍ ያለበት 22ቱ ነው።

ኢንዛይም ይህን ቁጥር አያሳድገውም። ሥራው ግድግዳው ውስጥ የታሰረውን ፕሮቲን ማስለቀቅና ሰውነት በቀላሉ እንዲፈጨው መቆራረጥ ነው። ብዙዎች ግድግዳውን ለመክፈት ለዕፅዋት ግድግዳ የተዘጋጀ ሴሉሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይገዛሉ። የእንጉዳይ ግድግዳ በዋናነት የተሠራው ቤታ-ግሉካን ከተባለ የስኳር ሰንሰለትና ከካይቲን ስለሆነ ንጹሕ ሴሉሌዝ ብዙም አይነካውም፤ የሚያስፈልገው እነዚህን የሚቆርጡት ቤታ-ግሉካኔዝና ካይቲኔዝ ነው።

አንድ ኪሎ በደቃቁ የተፈጨ ደረቅ እንጉዳይ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል። ግድግዳ ከፋቾቹ ኢንዛይሞች በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 ገደማና በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ፒኤቹ ወደ 8 ከፍ ብሎ ፕሮቲን የሚቆርጠው ኢንዛይም፣ አልካላይን ፕሮቲየስ፣ የሚጨመረው። መጠኑ ከፕሮቲኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ 220 ግራም ፕሮቲን ላለበት ዱቄት ከ2 እስከ 4 ግራም ይበቃል። ሁሉንም አንድ ላይ መጨመር ብክነት ነው፤ ፕሮቲየሱ በፒኤች 5 ይለግማል፣ ፒኤቹ ሲስተካከልለት ደግሞ ሌሎቹን ኢንዛይሞች ራሳቸውን ይቆራርጣቸዋል።

ፕሮቲኑ እየተቆረጠ ሲሄድ ፒኤቹ ይወርዳል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ካልተመለሰ ሥራው ይዘገያል፤ ጠብታው ሲበዛ ግን ምርቱ ጨው ያጠራቅማል። ጨውን መቀነስ ለሚፈልግ ከፓፓያ የሚገኘው ፓፓይን በፒኤች 6.5 አካባቢ ስለሚሠራ የተሻለ ምርጫ ነው።

ትልቁ ስህተት «ብዙ በተቆረጠ ቁጥር ይሻላል» ማለት ነው። ቆረጣው ሲገፋ ውኃ የሚሸሹ የፕሮቲኑ ክፍሎች ከተደበቁበት ወጥተው መራራ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ይሆናሉ። የመረረውን በስኳር ወይም በቅመም መሸፈን መፍትሔ አይደለም። ከጫፍ እየለቀመ የሚቆርጥ ኢንዛይም መራራነቱን ይቀንሳል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በየግማሽ ሰዓቱ ናሙና ቀምሶ መራራነት ብቅ ሲል ማቆም ነው። ማቆሚያው ሙቀት ነው፤ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ። ሙቀቱ የሚለካው በጋኑ መሐል እንጂ በግድግዳው አጠገብ አይደለም፤ መሐሉ ካልሞቀ የተረፈው ኢንዛይም ሥራውን ይቀጥላል፣ ፈሳሹም ከቆይታ በኋላ ይመራል።

ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ቤታ-ግሉካንና ካይቲን ያለበት አሰር ስለሆነ መጣል የለበትም። ፈሳሹ ሲደርቅ የሚገኘው ዱቄት እርጥበት ከአየር እየሳበ ቶሎ ይጓጉላል፤ በዕለቱ አየር በማያስገባ ማሸጊያ መታሸግ አለበት። እንጉዳይ አለርጂ ያለበት ሰውም «ተቆርጧል» በሚል ብቻ ሊመገበው አይገባም፤ በከፊል የተቆረጠ ፕሮቲን አለርጂ መቀስቀሱን ላያቆም ይችላልና ማስጠንቀቂያው ማሸጊያው ላይ ይጻፍ።