እሁድ ተቀያሪ ነኝ፤ በገዛ ድምፄ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ከቡድናችን ልጆች ጋር ወሬው የተነሳው በዴቪድ ኩት ነው። ያው እንግሊዛዊው ዳኛ፣ ሊቨርፑልንና የቀድሞ አሠልጣኙን ክሎፕን ሲሳደብ የተቀዳ ቪዲዮ ወጥቶበት በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ላይ የተባረረው። እኔ ደግሞ ሊቨርፑል ነኝ። ቱግ አልኩ። «ጓዳም ይበለው አደባባይ፣ እንዲህ የሚል ሰው ፊሽካ መያዝ የለበትም!» ጠረጴዛ ሁሉ መታሁ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ያ ልጅ ምንም ሳይል ስልኩን አወጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት የላክሁለትን ቮይስ ከፈተው። ድምፁን እስከ ጥግ። «ሰውዬው ታክቲኩን ተንተባትቦ እስኪጨርስ እኮ ዕረፍት ይወጣል፣ ኪኪኪ!» የራሴ ድምፅ። የራሴ ሳቅ። ሰውዬው ያልኳቸው አሠልጣኛችን ጋሼ ደግሞ አጠገቤ ናቸው። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሼ ቀና አሉና፣ እመኑኝ አንዴም ሳይደናቀፉ፣ «እሁድ ተቀያሪ ነህ» አሉኝ።

እሺ፣ ያልኩት ነውር ነው። አልክድም። ግን ከበረኝነቴ ጋር ምን አገናኘው? የዳኛ ሥራው ፍርድ ነው፤ የሚጠላውን ቡድን ሲያጫውት ማን ያምነዋል? እኔ እኮ ኳስ ነው የምይዘው! (የባለፈው ሁለት ጎል ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው። ስንት ጊዜ ልናገር?)

ደግሞ ቅጣቱ መቼ ለአመለካከቱ ሆኖ ያውቃል? ሾልኮ ስለወጣ ነው እንጂ። የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ቡድን የክሊፐርስ ባለቤት የነበረውን ዶናልድ ስተርሊንግን እዩት። ለጥቁሮች ቤት አያከራይም ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት ተከሶ፣ በፈረንጆቹ 2009 ላይ ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ተስማማ። ሊጉ፣ ኤንቢኤ፣ ጭጭ። 2014 ላይ በግል ሲያወራ የተቀዳ ድምፁ ወጣ፤ በአራት ቀን የዕድሜ ልክ እገዳ! ሰው ቤት ተከለከለ ሲባል ዝም፣ ድምፅ ሲወጣ እሪ። እሱም ቢሆን ምን ጎደለበት? በ12.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ቡድን 2 ቢሊዮን ተሸጠ። ምነው እኔንም እንዲህ የሚቀጣኝ ባገኘሁ!

በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ አለቃ ሪቻርድ ስኩዳሞር ሴቶችን የሚያንቋሽሹ ኢሜይሎቹ ወጡበት። ቅጣት የለም። 2018 ላይ ሲለቅ እንዲያውም ክለቦቹ 5 ሚሊዮን ፓውንድ መረቁለት። እኔ በአንድ ቮይስ ተቀያሪ ወንበር ላይ።

ቮይሱን የከፈተው ማን መሰላችሁ? ሁለተኛው በረኛ! ጓንቴን ከተዋሰኝ ሁለት ወሩ ነው። እሁድ በእኔ ጓንት፣ በእኔ ቦታ ሊቆም ነው። ያኔ ቮይሱን ሲሰማ የመለሰልኝ ሦስት የሳቅ ኢሞጂ ነበር። እሱን ግን ለጋሼ አላሳየም።

ይቅርታ ልጠይቅ ሁለቴ ደወልኩላቸው። አያነሱም። ቮይስ ልልክላቸው መቅጃውን ተጫንኩና ወዲያው ለቀቅኩት።