ኤዲተሩስ?

ስለ ፊልም ሥራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ዳይሬክተሮችና ተዋንያን በደንብ ተብራርቷል። የተቀረጸውን ቆርጦ የሚያቀናብረው ኤዲተሩ ግን በአንድ መስመር ታለፈ። ኤዲቲንግ ስለማስተምር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቬርና ፊልድስን ውሰዱ። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ‹ጆውስ› የተባለውን የሻርክ ፊልም ኤዲት ያደረገችው እሷ ናት። በቀረጻው ወቅት ሰው ሠራሹ ሻርክ በባሕር ውሃ እየተበላሸ አስቸግሯቸው ነበር። ስለዚህ ሻርኩ ለረጅም ጊዜ አይታይም። የሚታየው ውሃው ነው፣ የዋናተኞች እግር ነው፣ ዳር ላይ የተቀመጠው የፖሊስ አዛዥ ፊት ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከቆረጣው ነው። በዚህ ሥራዋ ኦስካር ተሸለመች። ከዚያ በፊት ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር። በኋላ ‹ስታር ዋርስ›ን የሠራውን ጆርጅ ሉካስን ገና ወጣት ሳለ ቀጥራ ኤዲቲንግ ያሠራችው እሷ ናት። ይሄን ስንቱ ያውቃል?

ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሶፍትዌር ነው። እሱ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ከባዱ መቼ መቁረጥ እንዳለብህ ማወቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠህ ካልሆነ አታስተምረውም።

አንዷ ተማሪዬ እናት ልጇን በር ላይ ስትሸኝ የሚያሳይ ሾት (አንድ ያልተቆረጠ ቀረጻ) ነበራት። ልጁ ዞር እንዳለ ትቆርጠዋለች። «እናትየው ላይ ትንሽ ቆዪ» አልኳት። 12 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ጨመረች፣ ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው። መልሰን ስናየው ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ተማሪዬ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ዝም ብላ ስክሪኑን ታይ ነበር።