ይድረስ ለክቡር «አካውንትዎ ተቆልፏል»

ጉዳዩ፦ እንዲከፍቱልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ እንዳልል፣ ለመናፈቅም ፋታ አልሰጡኝም። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን ገና ከመክፈቴ በቀይ ጽሑፍ ደምቀው ብቅ አሉ፦ «አካውንትዎ ተቆልፏል። የሲስተም አስተዳዳሪዎን ያነጋግሩ።»

ምን አጠፋሁ? «ጊዜው አልፏል፣ ቀይር» ባሉኝ መሠረት ትናንት ፓስዎርዴን ቀየርኩ። ስልኬ ግን አዋጁን አልሰማም፤ ኢሜይል ላምጣ እያለ ሌሊቱን ሙሉ በአሮጌው ፓስዎርድ ሲያንኳኳ አደረ። እርስዎም ቆጠሩ፣ ሦስት ሞላ፣ ቆለፉ።

«አስተዳዳሪዎን ያነጋግሩ» ማለት ምን እንደሆነ መቼም ለአንባቢ አልነግርም። ጥያቄው የሚቀርበው በሲስተሙ ነው፤ ሲስተሙ «መጀመሪያ ግባ» ይላል፤ በሩ ላይ ደግሞ እርስዎ አሉ። ስለዚህ በእግሬ ሄጄ አይቲ ክፍል ተሰለፍኩ፣ ቅጹንም ሞላሁ። «የተቆለፈበት ምክንያት» በሚለው ፊት ሁላችንም የምንጽፈውን ጻፍኩ፦ አላውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ልጁ ትሑት ነው፣ ክፋት የለበትም። ስሜን አስገባ፣ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ ማንነቴን ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነው መሰል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«በእናትህ አስገባኝ፣ ሦስት፣ ቃለ አጋኖ። የድሮው ፓስዎርድዎ ይኼ ነው አይደል?»

ከኋላ ያሉት የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ማን እንደተናገረም ስላላዩ እኔ የምለምን መሰላቸው። አንዲት ሴት ከልቧ አዝና «ኧረ አስገባው በእናትህ፣ ሰውየው አሳዘነኝ» አለች። ነገሩ የገባቸው ሲነግሯት ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የክፍል ኃላፊዬም በሰልፉ ውስጥ ነበሩ፤ እሳቸው አልሳቁም፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ጉዳይ አዩኝ።

ያ ፓስዎርድ እኮ የዋዛ አይደለም። ትልቅ ፊደል አምጣ፣ ትንሽ ፊደል አምጣ፣ ቁጥር ጨምር፣ ምልክት ጨምር እያሉ ያመጣሁትን ሁሉ ሲመልሱብኝ ከአንጀቴ የወጣ ልመና ነው። ሦስት የሆነው አንድና ሁለት ጊዜያቸው ስላለፈ ነው። አዲሱ ስንት ቁጥር እንደሆነ ለመገመትም ሊቅ መሆን አያሻም፤ በየጊዜው ቀይር የተባለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ «ያለ ምክንያት በየጊዜው አታስቀይሩ» ብሏል። በተከታታይ ለሚሳሳት ሙከራም ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ነው። እርስዎ ሦስት ላይ ደክሞዎት ይተኛሉ።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ነው ሌላው የገባኝ። ልጁ ፓስዎርዴን አነበበው። አነበበው! የሚነበብ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። የኮምፒውተር ሊቃውንቱ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን እኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኒክስ ስለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲጽፉ አሠራሩን ዘርዝረው አስቀምጠውታል፦ ፓስዎርድ እንዳለ አይቀመጥም፤ «ጨው» የሚባል የዘፈቀደ ቁጥር ይቀላቀልበትና ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ሃሽ ይደረጋል። ስገባ የምጽፈው በዚያው ስሌት አልፎ ከተቀመጠው ጋር ይመሳከራል። አስተዳዳሪውም ቢሆን ሃሹን እንጂ ፓስዎርዱን አያይም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ቢያወጡ እንኳ ጨዋቸው ስለሚለያይ ሃሻቸው አይመሳሰልም።

ስማ፤ አንቱታው እዚህ ላይ ያብቃ። ሌባ አንተ ፊት ተሰልፎ አይሞክርም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲቲኤስኤስ በተባለው የጋራ ኮምፒውተር ላይ፣ አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃ ቢለው የፓስዎርዱ ፋይል እንዲታተምለት አዘዘ፤ ታተመለት፣ ወሰደ። አንድም ጊዜ መሳሳት አላስፈለገውም። አንተ ብትኖር ምን ትቆጥር ነበር? ዛሬም ፋይሉን ይዞ የሄደ ሰው በራሱ ማሽን፣ በራሱ ሰዓት ይሠራል፤ አንተ እዚያ የለህም። በዚያን ጊዜ ለእኔ የሚከራከርልኝ ሃሹ ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፈጋችሁኝ። ዘበኛ ሆነህ የቤቱን ባለቤት በር ላይ ትፈትሻለህ፣ የጓሮው ግድግዳ ግን ፈርሷል። እዚህ ያለውን ፓስዎርዱን ለሌላ ነገርም የሚጠቀም ሰው ስንት ነው? እነሱንስ ማን ነገራቸው? ማንም። እኔን መቆለፍ ይቀላላ!

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ደሜ ፈልቶ ነው።

አንድ ቆየት ያለ ቅሬታም አለኝ፦ ዩዘርኔሜን የሚያውቅ ሁሉ ሦስት ጊዜ የማይረባ ፊደል ደብድቦ ሥራ ሊያስፈታኝ ይችላል፤ ዩዘርኔሜ ደግሞ ኢሜይሌ ላይ ተጽፏል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ እንደ እርስዎ የሚቆልፈው ባልደረባዎ ፌይልሎክ፣ ማንም ካልነካካው በቀር፣ በ600 ሰከንድ ራሱ ይከፍታል። እርስዎም ይሞክሩት፤ አስተዳዳሪው ስብሰባ ላይ ነው።

ከሠላምታ ጋር
ተቆላፊው ተጠቃሚ

ግልባጭ፦
ለአይቲ ክፍል፣ የፓስዎርዱን ፋይል ሃሽ እንዲያደርግልን።
ለሁሉም ተጠቃሚዎች፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያው በሲቲኤስኤስ ላይ ለሚገባ ሁሉ የሚታየው የዕለቱ መልእክትና የፓስዎርዱ ፋይል ተቀያይረው ለገባው ሁሉ የሁሉም ፓስዎርድ ታትሞለት ነበር። የእኔን በጆሯችሁ ሰምታችኋል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።