ማስተካከያ፦ እብጠቱ ስላላመመ ብቻ አትተዉት

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የነበረው መልእክት «የማያም እብጠት ካንሰር አይደለም፤ በመርፌ ከተነካ ግን ይሰራጫል» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ሳይኖቪያል ሳርኮማ የሚባለው ብዙም የማያጋጥም ካንሰር በተለይ ወጣቶችን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ እግር ላይ፣ ጉልበት አካባቢ ይወጣል፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቀስ እያለ ሲያድግ ምንም ላያም ይችላል። ከ5 ሴንቲሜትር የሚበልጥ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ጠለቅ ብሎ ጡንቻ ውስጥ ያለ እብጠት ቶሎ ይታይ።

ለምርመራ ናሙና የሚወሰድበትን መርፌ አትፍሩ። በደንብ ታቅዶ በሚወሰድ ናሙና ካንሰሩ የመሰራጨት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። በጣም የሚጎዳውስ? «የስብ እጢ ናት» ተብሎ ሳይመረመር መቆረጡ ነው፤ ቅሪቱ ውስጥ ይቀርና ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የሰፋ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የሰውነት ውስጥ ምስል)፣ ቀጥሎ ናሙና። ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ደረትም በሲቲ ስካን ይታያል፣ ይሄ በሽታ ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ ነውና።

ጤና ጣቢያ የታያችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ጠይቁ። እብጠቱ ወጥቶላችሁ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ፣ ለፓቶሎጂ (የወጣው እብጠት ካንሰር መሆን አለመሆኑ በላቦራቶሪ ለሚታይበት ምርመራ) መላኩን ሳታረጋግጡ ወደ ቤት አትሂዱ።